ምክር ቤቱ የጣለው ሹመት

ሱሀይላ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ጅዳ፣ ኦብሑር በሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳር ካለ ቪላ ተቀጥራ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ፣ ማዳሟ አንድም ቀን ከፍ ያለ ድምፅ ሰምታባት አታውቅም። ጁምዓ ጁምዓ ግን ሌላ ሰው ናት። ጅዳ ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት መረዳጃ ማኅበር ሃያ አንድ አባላት ያሉት ምክር ቤት አለው፤ የቤት ሠራተኞቹ መክረው እሷን መርጠው አስገብተዋታል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሙሕሲን ነው። የየክፍሉን ኃላፊ የሚያጨው እሱ፣ የሚያጸድቀው ወይም የሚጥለው ምክር ቤቱ ነው። እስኪጸድቅ ድረስ ሰው በተጠባባቂነት ማስቀመጥ ይችላል፤ ደንቡ የሚፈቅደው ግን ለሦስት ወር ብቻ ነው። የእህቱ ልጅ ዐብዱ የአስቸኳይ እርዳታ ክፍሉን በተጠባባቂነት ከያዘ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ሱሀይላን ያንገበገባት ይኸው ነው። ጓደኛዋ ሀሰና መካ ሆስፒታል የገባች ጊዜ፣ አጠገቧ ተቀምጦ በአማርኛ የሚያናግራት ሰው እንዲልክላት ለመለመን ሱሀይላ ዐብዱ ዘንድ ስድስት ቀን ሙሉ ደወለች። አንዴ አንስቶ «ኢንሻአላህ እናያለን» አላት፤ ከዚያ ወዲያ አላነሳም። ማዳሟ የለቀቀቻት ጁምዓ ነው። መካ ስትደርስ ሀሰና ካረፈች ሁለት ቀን ሆኗታል።

ከወር በኋላ ምክር ቤቱ ሳፋ በሚባለው የጅዳ ሰፈር ባለው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሙሕሲን አራት እጩዎችን በስም ጠራና በጭብጨባ አንድ ላይ ይጽደቁ አለ። ገና እጆች ለጭብጨባ ሲነሱ ሱሀይላ ብድግ አለች።

«አንድ በአንድ ይቅረቡልን። ዐብዱን የምጠይቀው አለኝ።»

ሙሕሲን ፈገግ ብሎ፣ ሐዘኗ እንደሚገባው፣ ሹመት ግን በስሜት እንደማይመዘን አስረዳት። ሱሀይላ አልተቀመጠችም። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ኢዩኤል፣ የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው፣ ደንቡን ገልጦ አንድ አባል እንኳ ከጠየቀ እጩዎቹ ለየብቻ ድምፅ እንደሚሰጥባቸው ቀስ ብሎ አነበበ።

«ሀሰናን ታውቃታለህ?» አለችው ዐብዱን።

ዐብዱ አጎቱን አየ። «የትኛዋን ሀሰና?» አለ።

ሦስቱ እጩዎች አለፉ። ዐብዱ ስድስት ድጋፍ፣ አሥራ ሦስት ተቃውሞ አግኝቶ ወደቀ።

ማክሰኞ ሱሀይላ ልብስ ስትተኩስ በስልኳ መልእክት ገባ። ሌላ እጩ እስኪገኝ ዐብዱ በተጠባባቂነት ይቀጥላል ይላል፤ ከታች የሙሕሲን ስም አለበት። ካውያውን ነቅላ መሬት ቁጭ አለች። የዚያን ሳምንት በሥራ መሀል ባገኘችው ትንፋሽ ሁሉ ለአባላቱ እየደወለች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «እኛ የጣልነውን እሱ መልሶ ካነሳው፣ እኛ ምን ልንሠራ ተቀመጥን?»

አስቸኳይ ስብሰባ ለመጥራት ሰባት ፊርማ ይበቃል፤ እሷ አሥራ አንድ አገኘች። ምክር ቤቱም የወደቀ እጩ በዚያው ወንበር በተጠባባቂነት እንዳይቀመጥ ወሰነ። ዐብዱ የክፍሉን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ፤ ሙሕሲንም ማንንም ሳይሰናበት ተከተለው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሙሕሲን ያጫት ሔለን የምትባል ነርስ ናት። አባላቱ ሱሀይላ ደስ ይላታል ብለው ጠብቀው ነበር፤ እሷ ግን በዚያው በተቆጣ ፊቷ ተነሥታ፣ አንዲት ሴት መካ ታማ ብትደውልልሽ ምን ታደርጊያለሽ አለቻት።

«እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ መካ መግባት አይፈቀድልኝም» አለች ሔለን። «ስለዚህ እዚያው የሚኖሩ ሦስት ሴቶች አነጋግሬ መጥቻለሁ። በተጠሩ ሰዓት እንሄዳለን ብለዋል። ስማቸውና ስልካቸው ይኸው።»

ሱሀይላ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። እጇን አውጥታም ደገፈቻት። ወደ ኦብሑር ስትመለስ ግን ታክሲው ውስጥ በንዴት አለቀሰች። ሀሰናን ብቻዋን ከመሞት የሚያድናት ሦስት ስም ነበር፤ ዐብዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጻፈው ሦስት ስም።