ጀርመንኛ ያስተማሩን ጋሼ

የእናቴ ወንድም ጋሼ ስንሳሳት ተቆጥተውን አያውቁም። «ኖኽ አይንማል» ይሉናል፤ በጀርመንኛ «እንደገና» ማለት ነው። ዘጠኝ ጊዜ ብንሳሳት ዘጠኝ ጊዜ ይሉታል።

ቋንቋውን የተማሩት በልጅነታቸው አዲስ አበባ፣ ሚሲዮን ቤት ነው። ጣሊያን ቡታጅራ ገብቶ ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ፣ እኔንና ስድስት የጎረቤት ልጆችን ከእንሰቱ ጓሮ ሰበሰቡን። እናቴ ስትሰጋ «ጀርመን የጣሊያን ወዳጅ ነው፤ በዚህ አይነኩንም» ይሏታል። «ዲ ቱር፣ በር ሴት ናት። ዴር ቲሽ፣ ጠረጴዛ ወንድ ነው» ሲሉን በሳቅ እንፈርሳለን።

አንድ ጠዋት ሁለት ወታደሮች ከአስተርጓሚ ጋር መጡ። አስተርጓሚው እኔን፣ «ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?» አለኝ። ቀና ብዬ ጋሼን አየኋቸው።

«ንገሪው ልጄ፣ አትፍሪ» አሉኝ ጋሼ።

አልቻልኩም። አስተርጓሚው «የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው» ብሎ አስወሰዳቸው። ተናግሬ ቢሆን ይተርፉ ነበር ወይ እያልኩ እስከ ዛሬ እብሰለሰላለሁ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ቆጮና ጎመን ይዤ እስር ቤት እመላለስ ጀመር። ዘበኛው ይቀበለኝና «ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሻል» ይለኛል። ሁለት ወር ሙሉ አመንኩት። በኋላ አንድ የተፈታ እስረኛ ቤታችን መጥቶ፣ «እሳቸውማ ገና በገቡ ሰሞን ነው ያለፉት» ብሎ ለእናቴ ነገራት። ምግቡን ይበላ የነበረው ዘበኛው ነው።

አስከሬናቸውን አልሰጡንም። እናቴ ለተዝካራቸው ቄሱን ልታነጋግር ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ።

«መቼ ነው ያረፉት?» አሉን ቄሱ።

ከመካከላችን ቀኑን የሚያውቅ አልነበረም።