የኦሲሎስኮፑ ስፖንጅ

ቀናተኛ ነኝ። ዛሬ ሸምግዬ ስናገረው አያሳፍረኝም፤ ያኔ ግን ቅናት አንጀቴን ያሳርረው ነበር። በደርግ ጊዜ ሆሳዕና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በነበረች የመገናኛ ራዲዮ መጠገኛ ውስጥ ሦስት ሆነን እንሠራ ነበር፤ ሽማግሌው ኃላፊያችን፣ እኔና ከጊምቢቹ የመጣ አንድ ወጣት። አራት ዓመት ቀድሜው ነው የገባሁት። እሱ ግን በመጣ በወሩ ኦሲሎስኮፑ ተሰጠው!

ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪኩን ሞገድ በትንሽ መስታወት ላይ እየሣለ ብልሽቱ የት እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የእኛው ከማርጀቱ የተነሣ እንደ ምድጃ ይግል ነበር። ከኋላው ማራገቢያ አለው፤ ማራገቢያው ላይ ደግሞ አቧራ የሚያስቀር ስፖንጅ። አውቶቡስ በገባ በወጣ ቁጥር አቧራው በመስኮት ይገባልናል፤ ስፖንጁ በሳምንቱ ይደፈናል። ከተደፈነ አየር የለም፣ አየር ከሌለ ዕቃው ይቃጠላል። እና ለእኔ ምን ደረሰኝ? ዓርብ ዓርብ ስፖንጁን ፈትቶ በሳሙና ማጠብ፣ ጥላ ውስጥ አድርቆ መመለስ። እሱ ሞገድ ያነባል፣ እኔ አረፋ እጨምቃለሁ።

«ጋሼ፣ እኔስ መቼ ነው ዕቃውን የምነካው?» ብዬ ኃላፊውን ብጠይቃቸው፣ «አንተ እጅህ ንጹሕ ነው፣ እጠብ» አሉኝ። ወይ ጉድ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ያችን ቂም ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ ከሁለታችን አንዱ ለስድስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ይሄዳል የሚል ወሬ መጣ። ማን እንደሚሄድ ለእኔ የታወቀ ነበር። ዓርብ ደረሰ፣ ስፖንጁን አልፈታሁም። በሚቀጥለውም ዓርብ አልፈታሁም። ዕቃው እጁ ላይ ይቃጠል፣ አለቀ! ጠዋት ጠዋት ስገባ የተቃጠለ ነገር ይሸት እንደሆነ አነፈንፍ ነበር። ምንም የለም። በአራተኛው ሳምንት፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ትዕግሥቴ አለቀና እሱ ለምሳ ሲወጣ ከኋላ ከፈትኩት። ስፖንጁ ንጹሕ ነው። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ሲያጥበው የኖረው እሱ ነው፤ እንግዲያው አውቆብኛል። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸት አሻጥር ይባላል፤ በአሻጥር የተያዘ ሰው የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። በማግስቱ ቅዳሜ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። ሁላችንም ለዚያ ቀን የምትሆን አንዲት ቀላል ጥፋት ይዘን እንሄዳለን፤ ከባዷን ቤት ትተን።

የጊምቢቹው ቀድሞኝ ተነሣ። «ጓዶች፣ አንድ ቀን ለሥራ አርፍጃለሁ» አለና ተቀመጠ። ተራው የእኔ ሆነ፤ እኔም «አርፍጃለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ወዲያው ኃላፊያችን ተነሡ።

«ዛሬ ጠዋት ኦሲሎስኮፑን ከፍቼ አየሁት» አሉ። «በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል ስፖንጁ እንደ አዲስ ነው! ትንሿን ሥራ እንዲህ ያከበረ ሰው ትልቁን አያጣም። ለሥልጠናው የምልከው እሱን ነው።» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ቀድሞ ያጨበጨበው የጊምቢቹው ነበር። እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

የምሄድ ዕለት ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። አላስችል አለኝ።

«ለምን አልተናገርክብኝም?»

«ምኑን?»

«ስፖንጁን ነዋ!»

«እህ፣ እሱን ነው እንዴ? ፊትህ ጠቁሮ ሰነበተብኝ፤ ቤት የታመመ ሰው ቢኖርህ ነው፣ በሐሳብ ረስተኸው ነው ብዬ። ልጠይቅህም ፈራሁ። ወንድሜ፣ ታዲያ እኔ ባጥበው ምን አለበት? ለመሆኑ ተሻላቸው?»

«ተሻላቸው» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ፣ ከልቡ። ሻንጣዬን አቀብሎኝ አውቶቡሱ እስኪነሣ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሥልጠናውን ወስጄበታለሁ፣ ስመለስ ዕቃውም የእኔ ይሆናል፤ ገና ከከተማ ሳንወጣ ግን እንደ አዲስ ቀናሁበት። የእኔን ክፋት መጠርጠር እንኳ ባላወቀው ልቡ ቀናሁ።