ሁለተኛው ጉርሻ

ሕመሙ የጀመረኝ በምሳ ሰዓት ነው። ሽሮ ጎርሼ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አልወረደም። አልወጣም። ውኃ ጠጣሁበት፤ ውኃው በአፍንጫዬ ተመለሰ።

የምሠራው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ ሕንጻ ላይ፣ የሞባይል አፕሊኬሽን የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነበር። "እኛ ቤተሰብ ነን" ይባላል እዚያ። ቤተሰብ ስለሆንን ምሳ ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ በእጁ ያጎርሰናል። የመጀመሪያው ጉርሻ ምስጋና ነው። "አንድ ያጣላል" ይልና ሁለተኛውን ይደግማል። አፌ ጢም ማለቱን አይቶ፣ "እሁድ ትገቢያለሽ አይደል? አንቺ እኮ አንበሳ ነሽ!" ይለኛል። አፉ የሞላ ሰው ምን ይላል? በአንገቴ እሺ እላለሁ። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ወይ ጉድ! ስንቱን እሁድ እንዲህ ዋጥኩት። ያ የቆመብኝ ሽሮም የእሱ ሁለተኛ ጉርሻ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንጀራ ፈራሁ። ዳቦም ፈራሁ። ማኪያቶ እንኳ በማንኪያ ሆነ። ቀሚሴ ሰፋኝ። ቢሮ "ዳይት ጀመርሽ?" እያሉ ይስቃሉ። ካንሰር ነው ብዬ ሽንት ቤት ተደብቄ አለቀስኩ። እንደምሞት እርግጠኛ ነበርኩ።

ታላቅ እህቴ አልማዝ አትክልት ተራ ሽንኩርት ትነግዳለች። ሱቋን ዘግታ፣ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ኢንዶስኮፒ ታዘዘ፤ ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮ የሚገባበት ምርመራ። ቱቦው ገባ። ወጣ።

ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ጉሮሮሽ ንጹሕ ነው" አሉኝ። "ይሄ ፋጎፎቢያ ይባላል፤ የመዋጥ ፍርሃት ነው። የጀመረሽ ዕለት ከማን ጋር ነበር የምትበዪው?"

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"እዚያው እየዋልሽ መድኃኒት ባዝልሽ ምን ይጠቅምሻል?"

በማግስቱ ትሪው ቀረበ። የሥራ አስኪያጁ እጅ መጣ። አፌን አልከፈትኩም። "እሁድ አልገባም" አልኩ። ማኘክ የቀጠለ የለም። "ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ" አለኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች፤ አልፈርድባትም፣ ቤተሰብ የምታስተዳድረው እሷ ናት። በዚያው ሳምንት ለቀቅኩ።

መዳን እንደ መታመም አይደለም፤ ይጎተታል። ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋር ሆኜ ከአጥሚት ጀመርኩ፣ ወደ ሾርባ ተሻገርኩ፣ በሾርባ ያራስኩትን ዳቦ ለብዙ ጊዜ እየፈራሁ እያኘክሁ፣ አንዳንዴ እያለቀስኩ፣ አንዳንዴ ሰልችቶኝ ትቼው እየተነሳሁ፣ በስተመጨረሻ እንጀራ ላይ ደረስኩ። ሥራ አግኝቻለሁ፤ ትንሽ ነው፤ ምሳዬን ከቤት ይዤ እሄዳለሁ። አሁንም ቶሎ ይደክመኛል።

መዋጥ ያቃታችሁ ሁሉ፣ መጀመሪያ ተመርመሩ፤ ቱቦውን አትፍሩት። ንጹሕ ነው ከተባላችሁም ምንም የለብኝም ብላችሁ ወደዚያው ወንበር አትመለሱ። አለባችሁ። አፋችሁ ሳይሞላ ተናገሩ። ለእኚያ ሐኪም እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ። አልማዝንማ በምን አፌ አመሰግናታለሁ!

ባለፈው እሁድ እሷ ቤት ምሳ በላን። አጎረሰችኝ፤ ወረደልኝ። ሁለተኛውን ጠቅልላ "አንድ ያጣላል" ስትል እጇን ያዝ አደረግኩት።

"በቃኝ፣ አልሜ" አልኳት።

"እንግዲያው ለራሴ" ብላ ጎረሰችውና የሽንኩርት ወሬዋን ቀጠለች።