የዊልዳ ሦስት በሽታዎች

ዊልዳ ክራምሊች ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ዓይኗ ከኋላ መመልከቻው መስታወት ተነቅሎ አያውቅም። ጡረታ ወጥታም ሰውን የምታየው በዚያው ዓይን ነው። እዚህ ኦሃዮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥር የተጋራኋት እኔም አላመለጥኩም።

የሕይወት መድን ነበራት፤ ስትሞት ለአንድ ልጇ ለማርላ የሚከፈል። ጣሪያዋ ማፍሰስ ሲጀምር የመድን ወኪሏ ዱዌን ፕራዘር «ለምን አትሸጪውም?» አላት። ገዢው ኩባንያ ዛሬ ይከፍላታል፤ ስትሞት ደግሞ የማርላን ድርሻ እሱ ይወስዳል። ዱዌን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቧ ቆሞ የሚዘምር ሰው ነውና ሳታነብ ፈረመች። ኢንዲያና ለምትኖረው ለማርላ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ከዚያ ስልኩ እረፍት ነሳት። በየሳምንቱ «ወይዘሮ ክራምሊች፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ይላል ከገዢው ኩባንያ የሚደውል አንድ ለስላሳ ድምፅ። አንድ ቀን ስለ ጉልበቷ ጠየቃት። ጉልበቷን ያመማት ገና በዋዜማው ነበር፤ የነገረችውም ለዱዌን፣ ለማርላና ለእኔ ብቻ።

«መሞቴን የሚጠብቅ አለ፤ ወሬ የሚያቀብለውም አለ» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«እኔን ነው?»

«ስም ጠራሁ?»

ወጥመድ አጠመደች። ለዱዌን ልቤ ደክሟል አለችው፤ ለእኔ ሳንባዬ፣ ለማርላ ደግሞ ኩላሊቶቼ። እኔ ሞኙ ሁለት ሳምንት ሙሉ የዶሮ ሾርባ ሳመላልስ ከረምኩ! ጥርግ አድርጋ ትጠጣና አሳምራ ታስላለች።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። «ልብዎ እንዴት ሆነ?»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ዊልዳ በቀጥታ ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ጠበቃዋ ውሉን አገላብጣ ሳቀች።

«የሻጭን ጤና ያለ ፈቃዱ ማውራት በሕግ ክልክል ነው። ደግሞስ ሐሳብዎን ቀይረው ውሉን ማፍረስ እንደሚችሉ የሚገልጸው ገጽ የታለ? እሱን ካልሰጡዎት የማፍረሻው ቀን መቆጠር አልጀመረም።»

ዳኛዋ ውሉን አፈረሱት። ዊልዳ የተቀበለችውን መለሰች፤ ለጣሪያው ያወጣችው ስለ ጤናዋ ምስጢር መውጣት በተፈረደላት ካሣ ተቻቻለ። ዱዌን ከኩባንያው በስውር የወሰደው ኮሚሽን ወጣና የሥራ ፈቃዱን ተነጠቀ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ለማርላ ግን እውነቱን እንድትነግራት ብጎተጉታት «ነገ» ትላለች። አንቺንም ጠርጥሬሽ ነበር ማለት አቃታት።

መድኑ በተመለሰ በሳምንቱ በረንዳዋ ላይ ኬክ ስንቆርስ ማርላ ሳይታሰብ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ክንዷ ላይ ፋሻ ተለጥፏል።

«ማርላ፣ አንድ ነገር...» ብላ ጀመረች ዊልዳ።

«ቆይ እማ፣ እኔ ልቅደም።» ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «እንዳትከለክይኝ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ስመረመር ነው የከረምኩት። ለመስጠት ብቁ ነሽ ተባልኩ፤ የደም ዓይነታችንም አንድ ነው።»

ዊልዳ የያዘችውን ኬክ ሳህኑ ላይ መለሰች። ማርላ እናቷ የፈራች መስሏት እጇን ያዘች።

«አይዞሽ እማ። እኔ አንድ ኩላሊት ይበቃኛል።»