«እሳቸውን ነው የጠየቅሁት»

ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ልታይ ጎንደር ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ ነጭ ጋወን የለበሰች ወጣት አጠገቤ በተቀመጡ ሽማግሌ ፊት በርከክ ብላ ስማቸውን ጠየቀቻቸው። ልጃቸው ቀልጠፍ ብሎ መለሰላት። «እሳቸውን ነው የጠየቅሁት» አለችው፣ ዓይኗን ከሽማግሌው ሳትነቅል። ደረቷ ላይ «የንግግር ሕክምና ባለሙያ» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ዓይኔን አጨንቁሬ እንደምንም አነበብኩት። ያን አነጋገር መጀመሪያ የሰማሁት በደርግ ዘመን፣ ከዳባት በላይ ባለች የገጠር ቤት ውስጥ ነው። ያኔ የተነገረው ለእኔ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆኜ ተመድቤ፣ ጥቂት አውቄ ሁሉን ያወቅሁ የመሰለኝ ጊዜ ነው። መሪጌታ ፈንታ የሚባሉ የዜማ መምህር ድንገት ወድቀው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ቤታቸው ሄጄ አየኋቸውና ካርዳቸው ላይ «አይሰሙም፤ አይለዩም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጦ እንደሌሉ አድርጎ ያወራ ጀመር። ተማሪዎቻቸው ወደ ሌላ መምህር ለመሄድ ተሰናዱ። ባለቤታቸው እማማ አንጓች ብቻ አልተቀበሉኝም። በየገበያው ቀን ቁልቁል ወርደው ክሊኒኩ በር ላይ ይቆማሉ።

«አንተ ሐኪም፣ ይሰማሉ እኮ! እኔ ስቆጣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።»

«እማማ፣ አይሰሙም አልኩዎ።»

በገብስ አጨዳ ወቅት ጓድ ጽጌ የምትባል ወጣት ደባርቅ መጣች። ቡልጋሪያ ተልካ የተማረችው ንግግር የጠፋባቸውን ሰዎች ማከም ነበር። የመደቧት ሰዎች ግን ሙያው ምን እንደሆነ ስላልገባቸው፣ በየገጠሩ እየዞረች ስለ ሽንት ቤት ቁፋሮ እንድታስተምር ላኳት። እሷም ሽንት ቤቱን በሚገባ ታስተምርና ስትጨርስ፣ «መናገር ያቃተው ሰው ያለበት ቤት አለ?» ብላ ትጠይቃለች። የእማማ አንጓችን ነገር የሰማችው እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት እኔን አስከትላ ሽቅብ ወጣች። ውርጩ ገና አልቀለጠም ነበር፤ የባቄላ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ ለከንቱ ነው ያደከመችኝ እያልኩ በልቤ አጉረመርማለሁ።

ስንገባ መሪጌታ በጀርባቸው ተንጋለው አንድ ጎልማሳ ተማሪያቸው አጥሚት በማንኪያ ይሰጣቸዋል፤ ትን ይላቸዋል። ጽጌ መጀመሪያ ደግፋ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ፊታቸው በርከክ ብላ «ስምዎ ማን ነው?» አለቻቸው።

«መሪጌታ ፈንታ ይባላሉ» አልኩ እኔ።

«እሳቸውን ነው የጠየቅሁት» አለችኝ።

ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ምንም አልወጣም። ፊታቸው መቋሚያ፣ ማንኪያና ቁልፍ ደረደረች። «መቋሚያውን ያሳዩኝ» ስትል ግራ እጃቸው መቋሚያው ላይ አረፈ። «ቁልፉንስ?» ቁልፉን አነሱ። ለካ ያን ሁሉ ወሬ ሲሰሙ ኖረዋል።

ከዚያ ያን ተማሪያቸውን፣ የሚወዱትን ዜማ እንዲጀምርላቸው ለመነችው። ጀመረ። ሁለተኛው ሐረግ ላይ የመሪጌታ ድምፅ ገባ፤ ሻካራ ነው፣ ቃሉ ግን ሙሉ። ተማሪው ደንግጦ ዝም ቢል እሳቸው ቀጠሉ! በዕድሜዬ ያን የሚያህል ነገር አላየሁም፤ ልንበረከክ ምንም አልቀረኝ። ጽጌ፣ «ዜማና ንግግር በአንጎል ውስጥ መንገዳቸው ይለያያል። አንዱ ሲዘጋ በሌላው እንዞራለን» አለች፣ ስለ ደባርቅ መንገድ የምታወራ ያህል ቀለል አድርጋ። ምክንያቱን ማወቄ ግርምቴን አልቀነሰውም።

ግራ እጃቸውን ይዛ ጉልበታቸው ላይ መታ መታ እያደረገች፣ በዜማ የባለቤታቸውን ስም አስያዘቻቸው። ስንት ጊዜ እንደሞከሩ አላስታውስም። «አን… ጓ… ች» አሉ በመጨረሻ። እማማ አንጓች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ወዲያው ደግሞ፣ «እኔ ቅድስት ነኝ እንዴ በዜማ የምጠራው?» ብለው ሳቁ።

በሚቀጥለው የገበሬ ማኅበር ስብሰባ፣ የእርከን ሥራ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ሊቀ መንበሩ ለጽጌ ጥቂት ደቂቃ ሰጣት። መሪጌታ በበቅሎ መጥተው ጎኗ ተቀመጡ። «ንግግሩ የጠፋበት ሰው አእምሮው አልጠፋም» አለች። «ካላመናችሁ ጠይቋቸው፤ መልሱን ግን ጠብቁ።» ሰው ጠየቀ፤ ጠበቀም። በሳምንቱ ክሊኒኩ ደጅ ላይ የተሰለፈውን ሰው አልረሳውም። የሚንተባተቡ፣ የማይሰሙ፣ ላንቃቸው የተሰነጠቀ፣ ለዓመታት ከጓዳ ወጥተው የማያውቁ ነበሩ። ይህን ያህል ሰው አጠገባችን ተደብቆ መኖሩ አስደነገጠኝ።

«ብቻሽን እንዴት ትችይዋለሽ?» አልኳት።

«አልችለውም። ሰው ግን ይህ ሙያ መኖሩን ካወቀ፣ አንድ ቀን ባለሙያ አምጡልን ይላል።»

የመሪጌታን ካርድ አውጥታ ከነእስክሪብቶው ሰጠችኝ። የጻፍኩትን ሰርዤ «ይሰማሉ፤ ይለያሉ» ብዬ ጻፍኩበት። በዓመቱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረች፤ የት እንደደረሰች አላውቅም።

ጎንደር ያየኋት ልጅ ጽጌን የምታውቃት አይመስለኝም፤ ያኔ አልተወለደችም። ግን እንደሷው በርከክ ብላ ትጠብቃለች። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የእኔ ስም ተጠራ፤ ተራዬ ደርሶ ነበር፤ አልተነሳሁም። ልጃቸው አላስችል ብሎት አፉን ሊከፍት ሲል ክንዱን ያዝኩት።