ያለ ቅቤ የቀረበች ቡላ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፤ አዲስ አበባ

ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም፤ እኔ ደግሞ ሆዴ ባዶ መሆኑን ሳላረጋግጥ አልነሳም። ከቤት ከመውጣቴ በፊት መጸዳጃ ቤት ደጋግሜ ገብቻለሁ። ሕመሜን ሐኪሜ «የአንጀት ብግነት» ይለዋል። አንጀትን ከውስጥ የሚያቆስል፣ ሲሻው ተኝቶ ሲሻው የሚያገረሽ በሽታ ነው። ከያዘኝ ወዲህ ከከተማ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

የምሄደው ቡታጅራ ነው። እጮኛዬን ዘሃራን ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ከድጃ፣ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት «ልጁን በዓይኔ ልየው» ብለዋል። ዘሃራ ሥራ ይዟት ቀርታለች። እሷ እንደምትለው አክስቷ ሰውን የሚመዝኑት ሲበላ አይተው ነው። የኔ ነገር ደግሞ የሚበላሸው እዚያው ላይ ነው። ስልክ ደውላ «ሆዱን ያመዋል፣ በርበሬ አይችልም» ብላ ነግራልኛለች።

ረፋድ፤ ቡኢ

መንገዱ ጥሩ ነው። ከጢያ ወዲህ እንሰቱ ከየቤቱ ጓሮ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ቡኢ ላይ ለቁርስ ወረድን። ተሳፋሪው ቀይ ፍርፍርና ጥብስ አዘዘ፤ እኔ ጥግ ይዤ ከቦርሳዬ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል አወጣሁ። ሽታው ግን አላስቀምጥ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

ሾፌራችን ጎልማሳ የመስቃን ሰው ነው። ድንቼን አይቶ ምን እንደነካኝ ጠየቀ። ወዴትና ለምን እንደምሄድ ስነግረው ሻዩን አስቀመጠ።

«ቡታጅራ፣ አማት ቤት፣ ክትፎ ሳትበላ?» አለኝ። «ወላሂ፣ ዱዓ አደርግልሃለሁ።»

ምሳ ሰዓት፤ ቡታጅራ

ባጃጁ ከአስፋልቱ ወጥቶ በእንሰት መሃል አቧራውን እያስነሳ ቆርቆሮ በር ላይ አወረደኝ። እትዬ ከድጃ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሰላምታዬን «ወአለይኩም ሰላም» ብለው መልሰው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ከሳህ» አሉ። ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም።

ጎረቤቶች ተጠርተው ተቀምጠዋል። ክትፎው በኮባ ቅጠል ላይ ቀረበ፤ ጥሬ፣ በቅቤ የሚዋኝ። እትዬ ከድጃ ሚጥሚጣውን ለኔ ሲሉ እንዳስቀሩት፣ በምትኩ ቅቤ እንደጨመሩበት በኩራት ነገሩኝ። የታመመን ሰው የሚያነሳው ቅቤ ነው ብለው ነው። የፍቅር ስህተት እንዲህ ነው፤ አይቆጡት ነገር።

የሥነ ምግብ ባለሙያዬ ያለችኝ ትዝ አለኝ። ሰው ሁሉ የሚስማማው ይለያያል፤ እኔን ግን ቅባት ሲበዛ ይቀሰቅሰኛል። የምወስደው መድኃኒት የሰውነቴን መከላከያ ስለሚያዳክም ጥሬ ሥጋ ጨርሶ ተከልክያለሁ። ያገረሸብኝም ገና በቅርቡ ነው የተኛልኝ። ቢሆንም እጄ ወደ ቆጮው ሄደ። አገሬው ሁሉ ያየኛል፤ ይሉኝታ እንኳን እጅ ተራራ ያነሳል። ዘሃራን አሰብኩ። ይህን በልቼ ባገኛት ይሻላል ወይስ ሳልበላ ባጣት?

እጄን መለስኩ። «እትዬ ከድጃ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ብበላ የምበላው እርስዎን ደስ ለማሰኘት ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት ነኝ።»

ጎረቤቶቹ ቆጯቸውን ማየት ጀመሩ። ከእትዬ ከድጃ ፊት ምንም አልተነበበም።

«ታዲያ ቤትህ ምን ትበላለህ?»

ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላል፣ በደንብ የበሰለ ካሮት ብዬ ዘረዘርኩ። ሩዝ ስል አንዷ ጎረቤት በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። እትዬ ከድጃ «ቡላስ?» አሉ። ከተፋቀ እንሰት ተጨምቆ የሚወጣው፣ ነጩና ልሙ ዱቄት ነው፤ ለክብር እንግዳ ይቀመጣል። በውሃ ከተገነፋና ቅቤ ካልገባበት በጥቂቱ ልሞክረው እችላለሁ አልኳቸው። ቡላ ያለ ቅቤ ለእንግዳ አቅርቤ አገር ምን ይለኛል ብለው አጉረመረሙ፤ ተነስተው ግን ወደ ማድቤት ገቡ።

ሲመለሱ የቡላ ገንፎ ይዘው ነበር፤ ትኩስ፣ ነጭ፣ መሃሉ ቅቤ ያልፈሰሰበት። ቅቤው ለብቻው በስኒ ነበር። ስኒውን ወደ ጎረቤቶቹ ገፉት። የራሳቸውንም ክትፎ ገፉትና አጠገቤ ተቀምጠው ከኔ ሳህን መጉረስ ጀመሩ።

«እኛ ቤት እንግዳ ለብቻው አይበላም» አሉ።

ጣዕሙ የለዘበ ነው፣ አይዋሽም። እሳቸውም ፊታቸውን ትንሽ ጨፍገግ አድርገው ነበር የሚውጡት። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ስንጨርስ፣ ቡላ ካዘወተርኩ ኪኒኑን እተው እንደሆነ ጠየቁኝ። ምግቡ ያግዘኛል እንጂ ኪኒኑን አያስተወኝም አልኳቸው። «እንግዲያው ሁለቱንም ያዝ» ብለው የደረቀ ቡላ በኮባ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱ። ሽማግሌ ስለ መላኩ ግን አንድም ቃል ሳይናገሩ ባጃጁ ድረስ ሸኙኝ።

አመሻሽ፤ የመልስ መንገድ

ቡኢን ስናልፍ ሆዴን አዳመጥኩት፤ ሰላም ነው። ልቤ ነው ሰላም ያጣው። ወደ አለምገና ስንቃረብ ስልኬ ጠራ፤ ዘሃራ ናት።

አክስቷ ደውለውላት ነበር። መጀመሪያ ከፍቷቸው ነበር፤ በኋላ ግን ሲያስቡት፣ ለይሉኝታ ብሎ ራሱን የሚያሳምም ባል ምን ይሠራልሻል፣ ይኼኛው እውነቱን ይናገራል ብለዋታል። ሽማግሌዎቹም ይምጡ ብለዋል። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ሌላም ነገር ብላለች» አለችኝ ዘሃራ እየሳቀች። «‹ለአረፋ እንዳይቀር። ክትፎውን እኛ እንበላለታለን።›»