ወንዙ ዳር የተከልሁት ብረት

ዛሬ ጠዋት የቀይ ቀለሙን ቆርቆሮ ስከፍተው ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና ያ ሰው ትዝ አለኝ። ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ቀይ ቀለም ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርሁትም በዚያ ቀለም ነው።

እኔ እንግዲህ ተፈጥሮዬ ነው፤ ሰው አብዝቶ ከሳቀልኝ ኪሴን እዳብሳለሁ። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሰፈራችንን ከሽንፋ ወንዝ የሚለየው በትራክተር የተገፋ የአፈር ክትር ብቻ ነው። ወንዙ ውስጥ በሲሚንቶ የቆመ፣ ቁጥር የተጻፈበት ብረት አለ፤ ውኃው ቀዩ መስመር ላይ ከደረሰ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ጉብታው ይወጣል። ውኃውን የሚለካው ያ ሰው ነበር፤ ለሰሊጥ አረም ከጎጃም መጥቶ፣ ጽሕፈት ስለሚያውቅ ለኪ ሆኖ እዚሁ የቀረ። ጧትና ማታ ወርዶ ያይና መዝገቡ ላይ ጽፎ፣ ክትሩ ላይ ቆሞ «ደኅና ነው፣ ሥራችሁን ሥሩ!» ይለናል።

ይቺን «ሥራችሁን ሥሩ» አልወደድኋትም። በአረም ጊዜ ሰው ጥሎ ቢወጣ የሚከስሩት ባለእርሻዎቹ ናቸው። ቀለሙስ ለምንድን ነው? መስመሩን እየፋቀ ከፍ ቢያደርገውስ? ለአባቴ ብነግራቸው «አንቺ ደግሞ ጥላሽንም አታምኚ!» ብለው ሳቁብኝ።

ከተሰበረ ትራክተር የተረፈ ረጅም ብረት ጎትቼ ወንዙ ዳር ተከልሁ። የዚያን ዕለት ውኃው ከቀዩ መስመር ሦስት ስንዝር ዝቅ ብሎ ነበር፤ እኔም በብረቴ ላይ ከውኃው ሦስት ስንዝር ወደ ላይ ለክቼ ክር አሰርሁ። ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። በሳምንቱ ስወርድ ውኃው ክሬን ነክቶታል፤ የእሱ መስመር ግን ገና አንድ ስንዝር ይቀረዋል።  ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

ጮህሁ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ባለሱቁ ሐጂ እንኳ ስኳራቸውን በአህያ ጭነው ተከተሉን። ለኪው ክሬን አየና «እታለም፣ ብረትሽ ሰምጦ ነው፤ አፈሩን እይው እንጂ» አለኝ።

«ቀለሙስ?»

«ደለሉ እየላጠው ነው የማድሰው።»

ማን ይስማው! ጉብታው ላይ ሦስት ቀን አደርን፤ ጎርፉ አልመጣም። ቢሆንም ሰው እኔን «አተረፍሽን»፣ እሱን «ቀጣፊ» አለ። መዝገቡን ተቀብለው አባረሩት። ወደ ሸሕዲ ከተማ በሚሄደው አይሱዙ ላይ ሲወጣ ዞር ብሎ «እንጀራውስ ግድ የለም፣ ስሜን ግን አጠፋሽው» አለኝ። ፊቴን አዞርሁበት።

መዝገቡን ለእኔ ሰጡኝ፤ ለኪ ሆንሁ። ክረምቱ አልፎ ብረቴን ልንቀል ብል አልነቀል አለኝ፤ ቆፈርሁ። ጥቁሩ አፈር፣ በጋ የሚሰነጣጠቀው፣ ክረምት እንደ ገንፎ የሚላላው፣ ከተከልሁት በላይ ክንድ ሙሉ ውጦታል። አፈሩ ላይ ተወልጄ አድጌ! እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ለሰፈሩ ተናገርሁ፤ «አሁንማ ሄዷል፣ ተይው» አሉኝ። ሸሕዲ የቀን ሠራተኛ የሚሰበሰብበት ቦታ ሦስት ክረምት ፈለግሁት። የለም።

ዛሬ መስመሩን አድሼ ስመለስ ወንዙ ዳር አዲስ የብረት ቱቦ ተተክሎ አየሁ፤ ላዩ ላይ ክር ታስሮበታል። በቅርቡ ከወሎ የመጣችው ጎረቤቴ ናት፤ ሰሞኑን ቀለም የያዘ ጥፍሬን ስታይ ነበር። ንድድ አለኝ። ልንቀለው ብዬ ያዝሁት።

ተውሁት። ድንጋይ ለቃቅሜ እንዳይሰምጥባት ሥሩን ጠቀጠቅሁላት።